ባቡሩ ለምን አጠረ?

ሰላም፦ ካልጋሪ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?

ሄኖክ፦ ተይኝ እባክሽ! ከቤት መውጣት ራሱ ሥራ ሆኗል።

ሰላም፦ እዚህ ቶሮንቶ ዕቃ በዘገየ ቁጥር ሰበቡ ባቡር ነው። ሰው ሁሉ በረዶ ሐዲዱን ዘግቶት ይመስለዋል።

ሄኖክ፦ በረዶውንማ ጠርገው ያልፋሉ። ሐዲዱም በብርድ ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ዋናው ጣጣ ግን አየሩ ላይ ነው። የጭነት ባቡር ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ባቡሩን ከሚጎትተው ሎኮሞቲቭ የሚነሣ ቱቦ ከፉርጎ ፉርጎ እየተቀጠለ እስከ ጭራው ይሄዳል። ግፊት ሲኖር ፍሬኑ ይለቃል፤ ሲወርድ ይይዛል።

ሰላም፦ ስለዚህ ቱቦው ቢበጠስ ባቡሩ ራሱ ይቆማል?

ሄኖክ፦ ይቆማል። አሪፍ አሠራር ነው። ግን በየመጋጠሚያው ጎማና ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያፈስ የሚያሽግ) አለ። ብርዱ ሲጠና ጎማው ይደርቃል፣ አየር ያፈሳል። አንድ ቦታ ቢያፈስ ችግር የለውም። ከመቶ በላይ ፉርጎ ሲሆን ግን ጭራው ጋ በቂ ግፊት አይደርስም። ለዚህ ነው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲያልፍ ሁለቱ ትልልቅ የካናዳ ባቡር ኩባንያዎች፣ ሲኤን እና ሲፒኬሲ፣ ባቡሮቻቸውን የሚያሳጥሩት።

ሰላም፦ ታዲያ ያሳጥሯ! በአንዱ ፈንታ ሁለት ይላኩ።

ሄኖክ፦ በአፍ ይቀላል። ለሁለተኛው ሌላ ሎኮሞቲቭ፣ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ደግሞ መስመሩ አንድ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ።

ሰላም፦ ያኔ የገበሬዎቹ እህል ሳይጓጓዝ የተከማቸውስ በዚሁ ነው?

ሄኖክ፦ በፈረንጆቹ የ2013ቱን ምርት ማለትሽ ነው? በካናዳ ታሪክ ያልታየ ምርት ነበር። ብርዱም በዚያው ዓመት ባሰ። ኩባንያዎቹ ብርዱን ሲያሳብቡ ገበሬው «ዊንተር ካናዳ ውስጥ አዲስ ነገር ነው እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ መንግሥት በማርች 2014 ጣልቃ ገባ፤ ሁለቱ ኩባንያዎች በሳምንት በድምሩ 1 ሚሊዮን ቶን እህል እንዲያጓጉዙ አዘዘ።

ሰላም፦ ማዘዙስ ጥሩ፣ ብርዱን ማን ያዘዋል!

ሄኖክ፦ እሱም አለ። በማሳጠር ብቻ የማያልቅ ነገር ደግሞ አለ። ፌብሩዋሪ 2019፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ፊልድ አጠገብ። 112 ፉርጎ እህል የጫነ ባቡር ቁልቁለቱ ላይ በድንገተኛ ፍሬን ቆመ። ብርዱ ከዜሮ በታች 28 አካባቢ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ እንደቆመ በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሰላም፦ ቆይ፣ አየር ሲወርድ ይይዛል አላልክም?

ሄኖክ፦ የቱቦው ሲወርድ! አንዴ ከያዘ በኋላ ግን ፍሬኑን መንኮራኩሩ ላይ የሚጫነው በየፉርጎው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ነው። እሱ ካፈሰሰ ፍሬኑ ይላላል። ብርዱ ያንን አባባሰው። ተረኛ ሠራተኞቹ ባቡሩን ገና መረከባቸው ነበር። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ሦስቱም ሞቱ።

ሰላም፦ ነፍስ ይማር። ምን ተደረገ ታዲያ?

ሄኖክ፦ በቀናት ውስጥ ትእዛዝ ወጣ፦ ተራራ ላይ በድንገተኛ ፍሬን የቆመ ባቡር የእጅ ፍሬን ይሳብበት።

ሰላም፦ በእጅ? ፉርጎ ለፉርጎ?

ሄኖክ፦ አዎ፣ በዚያ ብርድ ወርደሽ፣ በበረዶው እየሄድሽ፣ በየፉርጎው መሪ የመሰለውን ብረት ትጠመዝዢያለሽ። ስትነሺ ደግሞ እየዞርሽ ትፈቺዋለሽ። ከኋላ ያለው ባቡርም አንቺ እስክትጨርሺ ቆሞ ይጠብቃል።