ሽልማታቸው በር ላይ አይቀመጥ

የተከበራችሁ ነባር ተወዳዳሪዎቻችን፣ የማኅበራችን አባላት፣ ከሜሪላንድና ከዲሲ የመጣችሁ እንግዶች፣ ቅዳሜና እሁዳችሁን እየሰዋችሁ የምትሸኙን የትዳር ጓደኞችና ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ፈር ቀዳጆች» የሚል ነው፤ ሽጉጥ ከአፎት እየመዘዝን በሰዓት የምንወዳደርበትን ይህን ስፖርታችንን የጀመሩት ሰዎች ማለት ነው። ርዕሱን እወደዋለሁ፤ እናገርበታለሁም። ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ነባሮቹ በተሰበሰቡበት ካልተናገርኩት መቼ ልናገረው ነው? ስለዚህ ታሪኩን ላስቀድም፣ ከዚያ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አብዛኞቻችን ይህን ስፖርት የተማርነው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ሽጉጥ የምናውቀው በፖሊስ ወገብ ላይ ነው። ተኩስ የምንሰማው ደግሞ በሠርግና በለቅሶ፣ ወደ ሰማይ ሲተኮስ ነው። በደንብ፣ በዳኛና በሰዓት የሚተኮስ ሽጉጥ ያየነው ከመጣን በኋላ ነው። ያስተማሩን ዛሬ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። እነሱንም ያስተማሩ ነበሩ። ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ብትሄዱ አንድ ተራራ ላይ ትደርሳላችሁ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ቤር ሌክ የሚባል ቦታ ነው። በ1950ዎቹ ጄፍ ኩፐር እዚያ ይኖር ነበር። ኩፐር የቀድሞ የማሪን መኮንን ነው፤ 1920 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። ያኔ የሽጉጥ ውድድር ማለት በአንድ እጅ ቆሞ መተኮስ ነበር። ክብ ዒላማ፣ የታወቀ ርቀት፣ የታወቀ ጊዜ። ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፤ ማንም እንዳይንቀው። ኩፐር ግን ሌላ ነገር ማወቅ ፈለገ። ሽጉጡ አፎቱ ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ እየሮጠ ነው፣ አጠገብህ ሌላ ሰው ቆሟል። አሁንስ ማን ይመታል?

ስለዚህ ሰዎች ሰበሰበና ሌዘርስላፕ የሚባለውን ውድድር አዘጋጀ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። 7 ያርድ ርቀት ላይ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ትልልቅ ፊኛዎች ተደርድረዋል። የራሱን ፊኛዎች ቀድሞ አፈንድቶ የጨረሰ አለፈ። ሌላ ምንም የለም። የዳኛ አስተያየት የለ፣ የአቋቋም ውበት ነጥብ የለ።

ጊዜው የካውቦይ ፊልም ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው ሽጉጡን መዝዞ ከወገቡ ላይ ነበር የሚተኩሰው፣ ሳያነጣጥር፣ እንዳወጣው። እጃቸው ፈጣን ነው። ጥይቱ ግን በፊኛው ጎን ያልፋል። ሁለተኛውም ያልፋል። ሦስተኛው እንደ ዕድል ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ማነጣጠር ጊዜ ማባከን ይመስላቸው ነበር።

ከነሱ መካከል ጃክ ዊቨር ነበረ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ ነው። እሱ ነገሩን ቁጭ ብሎ አሰበበት። ፈጥኖ ከመሳት ትንሽ ዘግይቶ መምታት ይሻላል አለ። ከዚያ ሪቮልቨሩን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ ዓይኑ አነሳው። በማነጣጠሪያው አየ፣ ምላጩን ሳበ። ያኔ ሽጉጥ በሁለት እጅ መያዝ የተለመደ አልነበረም። እሱ ግን ተራ በተራ ፊኛዎቹን አፈነዳቸው። በ1959 ሌዘርስላፕን አሸነፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጣሁበት ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ዊቨር ስላሸነፈ ብቻ አይደለም ዛሬ ስሙን የምንጠራው። ሌሎቹ ሲያሸንፍ ስላዩት ነው። ውጤቱ በአደባባይ ነበር። ኩፐርም አይቶ ዝም አላለም። አቋቋሙን መረመረው፣ ጻፈበት፣ አስተማረው፣ በዊቨር ስም ጠራው። ከዚያ በዓለም ዙሪያ ስንት ፖሊስና ስንት ወታደር በዚያ አቋቋም ሠለጠነ! ያን ቀን ውጤቱን ማንም ሳይጠራው ሰው ቢበተን ኖሮ የዊቨር ሁለት እጅ እዚያው ተራራ ላይ ይቀር ነበር።

ከዚያ ሬይ ቻፕማን መጣ። ከዊቨር ተማረ፣ የተኩሱን ክንድ ቀጥ አድርጎ የራሱን አቋቋም ፈጠረ። በ1975 ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1976 ግንቦት ወር በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተኳሾች ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ አይፕስክን፣ መሠረቱ። ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። መርሐቸው ሦስት ነገር ነው፦ ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ሦስቱንም እኩል።

ነጥቡንም በዚያው መንፈስ ሠሩት። መሀል የመታ 5 ያገኛል። ነጥብህ ተደምሮ በፈጀብህ ሴኮንድ ይካፈላል። በቃ። ሮጠህ ብትስት ወደቅህ። ተጠንቅቀህ ብትተኛም ወደቅህ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኤሌክትሮኒክ ሰዓት እንኳ አልነበረም፤ በፊሽካና በእጅ ሰዓት ነበር የሚለካው።

ቀጥሎ ያለው የእኛው ግዛት ታሪክ ነው። በ1983 የዓለም ሻምፒዮና እዚህ ቨርጂኒያ ተደረገ። ሮብ ሌተም የሚባል ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት አሸነፈ። ሌተምና ጓደኛው ብራያን ኢኖስ ሁለቱንም ክንድ ዘርግተው፣ ደረታቸውን ለዒላማው ሰጥተው ነበር የሚተኩሱት። የዊቨር አቋቋም እንደ ሃይማኖት የተያዘበት ጊዜ ነው። ብዙ ክርክር ተነሳ። ሰሌዳው ግን የሌተምን ስም ከላይ አስቀመጠ፤ ዛሬ ሜዳችን ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል እንደነሱ ነው የሚቆመው።

ሌተም ዛሬ ራሱ ነባር ነው። ከ20 በላይ ብሔራዊ ሻምፒዮናዎችን አሸንፏል። ጄሪ ሚኩሌክን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1999 በሪቮልቨር ስድስት ጥይት ተኩሶ፣ ሞልቶ፣ እንደገና ስድስት ተኮሰ። ሁሉም በ2.99 ሴኮንድ አለቀ። ዕድሜው ያኔ ከ40 አልፎ ነበር። ስለዚህ ዕድሜ የገፋ ሰው ለመታሰቢያ ፎቶ ብቻ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ይህን ስፖርት አያውቀውም።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ።

ባለፈው ዓመት ብዙዎቻችን የተሳተፍንበት አንድ ትልቅ ውድድር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሙቀቱን አስታውሱት። ከእኛ ጋር የነበሩት ጋሼ ከ70 በላይ ናቸው። ሁሉንም ስቴጅ፣ ማለትም የውድድሩን ክፍል ሁሉ፣ ተኮሱ። ከበርሜል ጀርባ ተንበረከኩ፣ ተነሱ፣ በግድግዳው ቀዳዳ አጮልቀው ተኮሱ። አፈሙዛቸው አንዴም ከመስመር አልወጣም። በየስቴጁ መሀል ወጣቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ እሳቸው ዒላማ ይለጥፋሉ፣ ቀለሃ ይለቅማሉ። በዕድሜ ምድባቸው አንደኛ ወጡ።

የሽልማት ሰዓት ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ስፖንሰር ተመሰገነ። እንደገና ሌላ ስፖንሰር ተመሰገነ። አሸናፊዎቹ በየምድቡ ተጠሩ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ማይክ የያዘው ሰው ምን አለ? «ሰዓት ስለሄደብን የዕድሜ ምድቦች ሽልማቶች በሩ አጠገብ አሉ፤ ስትወጡ ውሰዱ።»

ስትወጡ ውሰዱ!

ሄጄ አየሁ። ካርቶን ውስጥ ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው ያገላብጣሉ። የሌላ ሰው ስም ያለበትን የሽልማት ሰሌዳ፣ ፕላክ፣ ያወጣሉ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ያነባሉ፣ ይመልሱታል። ከኋላቸው ሰው እየተጋፋ ይወጣል። አንድ ልጅ ትከሻቸውን ገፍቶ «ይቅርታ» እንኳ ሳይል አለፈ። በመጨረሻ ስማቸው ያለበትን አገኙት። ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ወደ መኪናቸው ሄዱ። ማንም አላጨበጨበም፤ ምክንያቱም ማንም አላወቀም።

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

የዕለቱን ነገር ለአንዳንድ ሰዎች ሳነሳ «ፕላክ ነው እኮ፣ ምን ያስቆጣል?» ይሉኛል። የፕላስቲክ ቁራጩ አይደለም የሚያስቆጣኝ። ያልተነበበው ውጤት ነው። እኚህ ሰው ከ70 ዓመት በላይ ሆነው ምን ያህል ነጥብ በምን ያህል ሴኮንድ አገኙ? ከመላው ተወዳዳሪ ስንተኛ ወጡ? ስንቱን ወጣት በለጡ? አዳራሹ ይህን መስማት ነበረበት። አጠገቤ የነበረው የ25 ዓመት ልጅ ይህን ቢሰማ ኖሮ በማግሥቱ ጋሼ ዘንድ ሄዶ «እንዴት አድርገው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህ ስፖርት ያደገው እንደዚያ ነው። ዊቨር በአደባባይ አሸነፈ፣ ሰው አየ፣ ጠየቀ፣ ተማረ። ውጤት የተደበቀበት ቦታ ትምህርት የለም።

ዓለም አቀፉ ደንብ እነዚህን ምድቦች ዝም ብሎ አላወጣቸውም። ከ50 በላይ ሲኒየር፣ ከ60 በላይ ሱፐር ሲኒየር፣ ከ70 በላይ ግራንድ ሲኒየር ይላል። ልብ በሉ፣ ለነዚህ ሰዎች የተለየ ሜዳ አልተሠራም። ዒላማው አንድ ነው፣ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ዳኛው አንድ ነው። ማንም ለእድሜያቸው ብሎ ዒላማውን አላቀረበላቸውም። እነሱም አልጠየቁም። የሚጠይቁት ያገኙት ውጤት እንደ ሌላው ሰው ውጤት እንዲነበብ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። «እኚህ ሰውዬ ስኳዳችንን፣ አብሮ የሚተኩሰውን ቡድናችንን፣ አዘገዩት» የሚል ወሬ በኛ ሜዳም ሰምቻለሁ። በሌላ ሰው ሜዳ አይደለም፣ በኛ! ይህን ያልክ ልጅ ዛሬ እዚህ ካለህ ስማኝ። አንተ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡናህን ይዘህ ስትመጣ ዒላማው ቆሞ የጠበቀህ ማን አቁሞት ነው? ግድግዳውን ከጭነት መኪና ያወረደው ማን ነው? ሽጉጥ መያዝ ስትጀምር ጣትህን ከምላጩ ላይ ያነሳልህ፣ አፈሙዙን ወደ ሜዳው የመለሰልህ፣ ሳይጮህብህ ደግሞ ደጋግሞ የነገረህ ማን ነው? እነሱ ባይዘገዩልህ ኖሮ አንተ ዛሬ አትፈጥንም ነበር።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል። ኩፐር የተወልን አራት ሕጎች አሉ፤ ሽጉጥ ሁሉ እንደ ጎረሰ ይቆጠር ከሚለው ጀምሮ። እነዚህን ሕጎች በቃል የሚያውቅ ብዙ ነው። በአካል የሚኖራቸው ግን የፊት ወንበሮቹ ናቸው። አዲስ አባል ሲመጣ የመጀመሪያ ቀን ከነሱ ጋር ይመደብ።

ትዝታቸውንም እንቅዳ። ኩፐር በ2006 ሄደ፤ ዊቨር በ2009። ስለነሱ የምናውቀው የጻፈና የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። የኛዎቹን ማን ጠየቀ? ስልክ ሁላችን እጅ ላይ አለ። ሴቶቹንም አትርሱ፤ ሜዳው ላይ ሌላ ሴት ባልነበረችበት ጊዜ ብቻዋን የጀመረች እናት ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ታሪኳን እስካሁን አልጻፍንም።

ለኮሚቴው ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ውድድራችን ጀምሮ የነባሮቹ ውጤት መጀመሪያ ይነበብ። ከስፖንሰር በፊት፣ አዳራሹ ሙሉ ሳለ፤ ስማቸው፣ ነጥባቸው፣ ሴኮንዳቸው። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በስሙ ሰው ወደ ሌላ ውድድር ሲልክ ይህንኑ ለአዘጋጁ በጽሑፍ ይጠይቅ። አይሆንም ካሉ የመመዝገቢያ ገንዘባችንን ሌላ ቦታ እንውሰደው። ጋሼን በር ላይ ጎንበስ ያደረገ ውድድር የኛን ገንዘብ አያገኝም!

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህ ዛሬ በድምፅ እንዲወሰን እጠይቃለሁ፣ ሁላችን እዚህ ሳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይፈቀድልኝ። የዚያን ውድድር ሙሉ ውጤት አትሜ ይዤ መጥቻለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ወደ መድረኩ ይምጡ። እናንተም ተነሱልኝ። አሁን አነበዋለሁ።