ባትሪውን በሚዛን፣ ፓኔሉን በሜትር

(ደሴ ላይ ለእድር አባላት ጠቅላላ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የእድራችን አባላት፤ ሰብሳቢያችን «ሶላር እናስገባ ወይስ ይቅርብን?» የሚለውን አስረዳን ብለው የሰጡኝ ሩብ ሰዓት ነው። ቀጥሎ ያለው የሂሳብ ሪፖርት ስለሆነ ማንም እንደማይቸኩል አውቃለሁ።

መብራት ማጣት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ አይነገርም። በ2014 ኅዳር እንዴት እንደከረምን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደዚያ አልመለስም። ግን ውሳኔው የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ የቸገራችሁ የትኛው ጨለማ ነው? ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ጠፍቶ የሚመጣው ከሆነ ሶላር አያስፈልጋችሁም። አዎ፣ አያስፈልጋችሁም። ባትሪና ባትሪ መሙያ ያለው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው ሣጥን) ይበቃችኋል፤ መብራት ባለ ሰዓት ከቆጣሪው ይሞላል፣ ሲጠፋ ይሰጣል። ፓኔሉ፣ ብረቱና ጣሪያ መውጣቱ ሁሉ ይቀርላችኋል። ሶላር የሚገዛው መብራት አንዴ ከሄደ ሁለት ሦስት ቀን በሚቆይበት ሰፈር ያለ ሰው ነው፤ ወይም ደላንታና ወረኢሉ ገጠር ቆጣሪ ያልገባለት ወገናችሁ። የመብራት ሂሳብ ይቀንስልኛል ብሎ ያሰበ ካለ ደግሞ ይተወው። ባትሪው ሲያረጅ የሚለወጥበት ብር ከተረፈው ሂሳብ ይበልጣል።

አስፈላጊ ነው ካላችሁ በኋላ ሱቅ አትሂዱ። መጀመሪያ ወረቀት ያዙ። 7 ዋት አምፖል አራት፣ በቀን አምስት ሰዓት፦ ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ 140 ዋት ሰዓት። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከነዲሽ ሪሲቨሩ 60 ዋት፣ አራት ሰዓት፦ 240። ሦስት ስልክ፦ 45። ድምሩ 425 ነው። ከፓኔሉ ተነስቶ አምፖሉ ጋ እስኪደርስ በሙቀት፣ በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር ሲሶው ይባክናል፤ ስለዚህ ፓኔሉ 650 ገደማ ማምረት አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ደመና የሙሉ ፀሐይ ሰዓት፣ ማለትም የቀኑ ፀሐይ ተጠቃሎ በሙሉ ኃይሏ ስንት ሰዓት እንደሚሆን፣ አራት ብለን እንያዝ፤ ለአራት ሲካፈል 163 ነው። 200 ዋት ፓኔል ትገዛላችሁ፣ አለቀ። በጋ ላይ ይተርፋችኋል፤ ግን ሶላር በክረምቱ እንጂ በጥቅምት ፀሐይ አይተመንም።

ባትሪው እዚህ ላይ ይመጣል። ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ለአንድ ሌሊት 500 ዋት ሰዓት ትፈልጋላችሁ። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚለው ባትሪ ሁለቱ ሲባዙ የሚወጣውን 1,200 ዋት ሰዓት ሳይሆን 600 ብቻ ይሰጣችኋል። ለሁለት ደመናማ ቀን ሁለት ያስፈልጋል። ሊቲየም ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል ለዚያው ሥራ አንድ 100 ይበቃል። ሲገዙት ይወደዳል፣ ግን ዓመታት ይኖራል።

እናቶቼ ምጣዱን ልትጠይቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። አንድ ሰዓት ተኩል ጋገራችሁ ማለት ከ5,000 በላይ ዋት ሰዓት ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንጀራ ዘጠኝ የእርሳስ ባትሪ። በ12 ቮልት ደግሞ ወደ 290 አምፔር ይሄዳል፤ ሽቦው አውራ ጣት ያክላል። «ምጣድም ይችላል» ብሎ 200 ዋት የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ እሱ ቤት ሄዳችሁ እንጀራ ብሉ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ሰኞ ገበያ ጤፍ ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ፣ በመዳፋችሁ አሽታችሁ፣ እንክርዳድ አለው ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ታያላችሁ። ከዚያ የብዙ ማዳበሪያ ጤፍ ዋጋ የሚያወጣ ባትሪ ስትገዙ በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አምናችሁ ትሸከማላችሁ! ወረቀት መለጠፍ ማንን ያቅተዋል?

እውነተኛ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 200 የሚለው ወደ 60 ይጠጋል፤ አንድ ሰው በቀላሉ አያነሳውም። ኃይሉ ያለው እርሳሱ ውስጥ ስለሆነ እርሳስ ከሌለ ኃይልም የለም። 200 ተብሎ 25 ኪሎ ከመዘነ ግማሹንም አይሰጥም። (ሊቲየም ቀላል ነው፤ ይህ ሚዛን እሱን አይመለከትም።)

ፓኔሉም እንዲሁ። ጥሩ ፓኔል በካሬ ሜትር 200 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፤ አንድ ሜትር በ70 ሳንቲ ከሆነ 0.7 ካሬ ነው፣ ከ140 ዋት ብዙም አይዘልም። ጀርባው ላይ 300 ዋት ተብሎ ከተጻፈ ውሸት ነው። ሜትር የሌለው ሰው የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋስ!

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የመኪና ባትሪ «የሶላር» ተብሎ መሸጡ ነው። የመኪና ባትሪ የእርሳስ ሳህኑ ስስና ብዙ ነው፤ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው ከዳይናሞው ይሞላል። በየሌሊቱ እስከ ግማሽ ስታወርዱት ሳህኑ እየረገፈ ከሥሩ ይከማቻል፤ በወራት ውስጥ ይሞታል። ከዚያ ሰዉ «ሶላር አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ» ይላል። ፀሐይ ምን አደረገች? የሸጠው ሰው እያወቀ ነው ያደረገው፤ ይህ ንግድ አይባልም፣ ስሙን እናንተው ታውቁታላችሁ! የምትገዙት ባትሪ «ዲፕ ሳይክል» (በየቀኑ በጥልቀት ለመውረድና ለመሞላት የተሠራ) ወይም ጄል (አሲዱ የረጋ) ይሁን፤ ዋስትናውን ከነማኅተሙ በጽሑፍ ተቀበሉ።

እቤት ከገባ በኋላም ጠብቁት። ብዙው ኢንቨርተር ራሱን የሚያጠፋው 10.5 ቮልት ላይ ነው፤ ያኔ ባትሪው ባዶ ሆኗል። ሁሉን አጥፍታችሁ፣ ፀሐይም ሳይሞላው ትንሽ ቆይታችሁ ስትለኩት 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ቴሌቪዥኑ ይብቃው።

የመግጠሙን ነገር ባጭሩ። ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ። ኮምፓስ አትፈልጉ፤ ከዚህ መካ ቀጥ ብላ ሰሜን ናት፣ ቂብላን የሚያውቅ ደቡብን አያጣም። አንድ ሜትር ለሚረዝም ፓኔል የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 26 ሳንቲ ከፍ ይበል፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል። ከቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት፣ በሥሩ ነፋስ ይለፍ። የዲሹና የባሕር ዛፉ ጥላ እንዳያርፍበት፤ መዳፍ የሚያክል ጥላ ግማሹን ኃይል ሊወስድ ይችላል። ጦሳ ሥር ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ቀድማችሁ ስለምታጡ ዋቱ ከፍ ያለ ፓኔል ያዙ።

ሽቦ። ከ200 ዋት ፓኔል 11 አምፔር ገደማ ይወርዳል። አሥር ሜትር ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ካመጣችሁት 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ባትሪው ሊሞላ 14.4 ስለሚፈልግ ጎዶሎ ሊያድር ይችላል። በ6 ሽቦ ግን የሚቀረው 0.6 ነው። ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን አያይዙ፤ ስትፈቱ ፓኔሉን አስቀድሙ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ባትሪው የሚቀመጥበት ክፍል መስኮት ይኑረው፣ ማጨሻም ክብሪትም አይጠጋው።

ባዶ ቅጽ በሩ ላይ አለ። አምፖላችሁን ቆጥራችሁ፣ ዋቱን ከጀርባው አንብባችሁ ለሚመጣው እሑድ አምጡት፤ ተቀምጠን እንደምራለን። የእድሩ ሚዛን ከጸሐፊው ጋ ነው፣ ባትሪ ልትገዙ ስትሄዱ ውሰዱት። ምጣድ የጻፈ ሰው ካለ ግን ቅጹን እመልስለታለሁ።