የቪንሰንስ ሰባት ደቂቃዎች

እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የጦር መርከብ ነው፤ ቪንሰንስ ትባላለች። በሚሲሲፒ፣ ፓስካጉላ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1985 አገልግሎት የጀመረች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ክሩዘር ናት። በ2005 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሃያ ዓመት አገልግላለች። ስሟ ሲነሣ ግን የሚታወሱት ሰባት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። እኔም ሰሞኑን ከእነዚያ ደቂቃዎች መውጣት አቅቶኛል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1988፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ነው። የኢራንና የኢራቅ ጦርነት የፋርስን ባሕረ ሰላጤ አምሶታል። ከዓመት በፊት ስታርክ የተባለች የአሜሪካ መርከብ በኢራቅ ሚሳይል ተመትታ 37 መርከበኞች አልቀዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በዚያ ባሕር ላይ የነበረ ሁሉ ሰማዩን በስጋት ነበር የሚመለከተው።

ቪንሰንስ ከኢራን ፈጣን ጀልባዎች ጋር ተኩስ ገጥማ፣ እነሱን ስታሳድድ የኢራን የባሕር ክልል ውስጥ ገብታለች። በዚህ መሐል ከኢራኗ ባንዳር አባስ አንድ የመንገደኞች ኤርባስ ወደ ዱባይ ተነሣ፤ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ በረራ ነው። ማረፊያውን የጦር አውሮፕላኖችም ይጠቀሙበታል። ብርሃኑ በደበዘዘው የመርከቧ የውጊያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው “ኤፍ-14 ነው” አለ፤ የጦር ጄት ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ግምት የሚያፈርስ ነገር ሁሉ ሰሚ አጣ። አንዱ መርከበኛ አውሮፕላኑ ቁልቁል እየወረደ እየመጣባቸው መሆኑን ደጋግሞ ተናገረ።

የመርከቧ ኮምፒውተር የመዘገበው ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ ነበር፤ የሚያሰማውም የመንገደኛ አውሮፕላን መለያ ምልክት ነበር። ኤጂስ የተባለው ያ ውድ የመርከቧ የራዳርና የመሣሪያ መቆጣጠሪያ ሥርዓት አልዋሸም! ማስጠንቀቂያ ቢሰጥም፣ አብዛኛው የተላለፈው ሲቪል አብራሪ በማይሰማው የወታደር የሬዲዮ መስመር ነበር። በአቅራቢያው የነበረችው ሳይድስ የተባለች ሌላ የአሜሪካ የጦር መርከብ አዛዥ ዴቪድ ካርልሰን አውሮፕላኑን አስጊ አድርጎ እንዳልቆጠረው ኋላ ተናግሯል።

ሁለት ሚሳይሎች ተተኮሱ። 290 ሰዎች አለቁ፤ 66ቱ ሕፃናት ነበሩ። አውሮፕላኑ ከተነሣ ገና ሰባት ደቂቃው ነበር።

መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ሰው ይረጋጋል ብዬ አምን ነበር። አሁን የሚመስለኝ፣ የፈራ ሰው ከፊቱ ያለውን ቁጥር ሳይሆን የፍርሃቱን ቁጥር ነው የሚያነበው። ይህን ስል መርከበኞቹን ነፃ ማውጣቴ አይደለም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሟቾች ቤተሰቦች 61.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ኃላፊነቱን ግን በሕግ አልተቀበለችም። መርከቧም ከ1997 ጀምሮ ጃፓን፣ ዮኮሱካ ሆና ሥራዋን ቀጠለች።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የቪንሰንስ አዛዥ የነበረው ካፒቴን ዊል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1990 ሌጅዮን ኦፍ ሜሪት የተባለውን ኒሻን ተሸለመ። ሽልማቱ ለአዛዥነት ዘመኑ እንጂ ለዚያ ጠዋት አይደለም ይባላል። ያን ጠዋት ከአዛዥነት ዘመኑ እንዴት እንደነጠሉት የሚያስረዳኝ ካለ ይጻፍልኝ።