የእማማ የወርቅ ብር፦ በግራም ትሂድ ወይስ ደረጃ ይውጣላት?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬም ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከረበሻችሁ ይቅርታ። የጅማን ክረምት መቼም ታውቁታላችሁ።

እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። (ሳንቲሟ መዳፍ ላይ ትታያለች) ይቺ የወርቅ ብር ናት። ያመጡልኝ የጎረቤቴ እናት ናቸው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው። አንገታቸው ላይ ነው የኖረችው፤ ይኸው አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል። "ልጄ፣ ይሄ ነገር በሚሊዮን ይሸጣል ይላሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ በኩራት "እንዳላሳፍርህ ብዬ በሎሚና በአመድ ፈትጌ ነው ያመጣኋት" ሲሉኝ፣ ወገኖቼ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ።

ለምን? ጅማ ቁጭ ብዬ ይሄን በቡና ካላስረዳሁማ ምኑን ጅማ ኖርኩት።

ሁለት ጆንያ ቡና አስቡ። እኩል ኪሎ። አንዱ ቀይ እሸቱ ተለቅሞ፣ አልጋ ላይ እየተገላበጠ የደረቀ ነው። ሌላው መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ዝናብ መቶት፣ ዶሮ ሄዶበት የደረቀ። ኪሎው እኩል ነው፣ ዋጋው ግን በጭራሽ አይገናኝም። መርማሪው ናሙና ይወስዳል፣ የተሰበረውን፣ የተበላውን፣ የጠቆረውን ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ከዚያ ቆልቶ አፍልቶ በማንኪያ ፉት ይላል። እንትፍም ይላል! ያን ሁሉ ቡና እንትፍ ሲሉት ሳይ እኔ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ደረጃ ይሰጠዋል። "ጅማ 5" ሲባል የውጭ ገዢው ጆንያውን ሳያይ ያውቀዋል። አያችሁ፣ ደረጃ ማለት ይሄ ነው፤ ዕቃውን ላላየ ሰው የሚናገር ቁጥር ማለት ነው።

የወርቅ ብርም እንደዚያው ናት። ኪሎው ማለት የወርቁ ግራም ነው። ደረጃው ደግሞ መልኳ፦ ጭረቷ፣ ጠርዟ፣ ፊደሉ መጥፋት አለመጥፋቱ፣ ወዟ። ግን አንድ ቦታ ላይ ምሳሌዬ ይገለበጣል፣ እዚች ጋ ጆሮ ስጡኝ። ቡና ሲታጠብ ዋጋው ይጨምራል። ሳንቲም ሲታጠብ ዋጋው ይወድቃል። የታጠበ ቡና፣ ወደ ላይ። የታጠበ ሳንቲም፣ ወደ ታች። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና መፈተጉ ቆሻሻ ብቻ አይደለም የሚያነሳው፣ ላይዋን በሺህ ጥቃቅን ጭረት ይሞላዋል። በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ወዲያው ያውቃል።

እሺ፣ ሒሳቡን ቶሎ ቶሎ እንሂድበት፣ ካራት ምን እንደሆነ ባለፈው ቪዲዮ ብያለሁ፤ የወርቅ ንጽሕና መለኪያ ነው፣ ንጹሁ 24። ይቺ በ1958 ከወጡት የግርማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ብሮች ባለ 20ዋ ናት። ባለ 10ሩ 4 ግራም፣ 20ው 8፣ 50ው 20፣ 100ው 40፣ 200ው 80 ግራም ነው። ወርቁ ከ1000 እጅ 900 ነው፣ 21.6 ካራት ማለት ነው። ስለዚህ 8 ሲባዛ በ0.9፣ 7.2 ግራም ንጹህ ወርቅ። ያን በዕለቱ ዋጋ አባዙት፣ ወለሉ እሱ ነው። ከዚያ በታች የሚላችሁን ወርቅ ቤት አመስግናችሁ ውጡ። እኔ አንዴ ቸኩዬ በ18 ካራት ሒሳብ ሸጬ አውቃለሁ፣ ቤቱን አልጠራም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው።

አሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ የምታደርቁኝ ጉዳይ። "ማግኔት አልሳበውም፣ ስለዚህ ወርቅ ነው።" ናስንም አይስበውም! መዳብንም አይስበውም! ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፣ ሳንቲሟን በክር አስራችሁ ብርጭቆውን ሳትነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሏት። (ሚዛኑ በቅርብ) የእማማ ብር ከነማንጠልጠያዋ 8.4 ግራም ናት፣ ውሃው ውስጥ 0.49 አሳየች። 8.4 ሲካፈል ለ0.49፣ 17 ገደማ፤ እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ 17 እጥፍ ትከብዳለች ማለት ነው። ለዚህ ካራት ልክ ነው። ናስ ብትሆን 8 ምናምን ነበር የሚመጣው።

ሌላው፣ ይሄ እንኳን ወርቅም አይደለም ግን በየቀኑ ትልኩልኛላችሁና እንጨርሰው፦ "ማርትሬዛ አለኝ፣ 1780 ይላል፣ ከ200 ዓመት በላይ ነው፣ ስንት ያወጣል?" ወንድሜ፣ እህቴ፣ 1780 ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት፣ ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ በቪየና ሲታተም ኖረ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ የማተሚያ ቅርጹን ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፣ ኋላ ለንደንም ቦምቤይም አተሙት። አያቶቻችሁ በቡናና በማር የተቀበሉት ማርትሬዛ ከአያቶቻችሁ ሊያንስም ይችላል። 28 ግራም ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹህ የብር ማዕድን ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ትዝታ አለው። ዕድሜውን ግን ቁጥሩ አይናገርም። ደግሞ በወርቅ ቀለም ስለተነከረ ወርቅ አይሆንም!

ወደ እማማ። ደረጃ ይውጣላት ወይ? ደረጃ የሚያወጡት ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ አሜሪካ ናቸው። ከ1 እስከ 70 ቁጥር ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጓታል። ብየዳ ያለባት፣ የተበሳች፣ የታጠበች ከሆነች ግን ቁጥሩን ይነፍጓትና እውነተኛ መሆኗንና ጉድለቷን ይጽፉባታል። ክፍያው፣ መላኪያው፣ ኢንሹራንሱ በዶላር ነው። ለእማማ ብር? በእኔ ግምት ገንዘብ ማቃጠል ነው። የምኒልክ የ1889ኟ ወርቅ ሳትበሳ ሳትበየድ ከተገኘች ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ እሷ ከግራሟ በላይ ታወጣለች፣ ቅጂ ግን ይበዛባታል። ዓመቱም በእኛ ነው፣ በፈረንጅ 1897፣ ለውጭ ገዢ ስትጽፉ አትሳሳቱ። ደግሞ ማንም በፖስታ እንዳይልክ! ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ 209/1992 ክልክል ነው፣ መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

እማማ ይሄን ሁሉ ሰምተው "ታዲያ ሎሚዬን በከንቱ ነው የጨረስኩት በለኛ" አሉኝ፣ መልሰውም አንገታቸው ላይ አሰሯት።

በሚቀጥለው የምኒልክን እናያለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ፎቶ የምትልኩ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አንሱ፣ ሚዛኑንም ጻፉልኝ። ሳታጥቡ! በእማማ አምላክ፣ ሳታጥቡ።