ከዓሣው በፊት ፊልተሩ፦ ለቤት አኳሪየም ጀማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዲስ አኳሪየም በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ዓሦቹ አንድ በአንድ ማለቅ ከጀመሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በሽታ አይደለም። ውሃው ጥርት ብሎ እያለ የሚገድላቸው አሞኒያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ያደርሰዋል። ዋና መኖሪያቸው የፊልተሩ፣ ማለትም በአየር ፓምፕ የሚሠራው የውሃ ማጣሪያ፣ ስፖንጅ ሲሆን፣ ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። በእነዚያ ሳምንታት ዓሣ ሳታስገቡ ፊልተሩን አስነስታችሁ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። ጤነኛ ገንዳ ካለው ወዳጅ የቆየ ስፖንጅ ካገኛችሁማ፣ ሳይደርቅ በዚያው ገንዳ ውሃ ይዛችሁ አምጡት፤ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ወደ ዓሣው ብዛት እንምጣ። 50 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ «45 ሊትር» ተብሎ ይሸጣል። ከአፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስታጎድሉለት 40 ተኩል ይሆናል፤ ጠጠሩ ቦታ ሲይዝ ደግሞ ውሃው ወደ 37 ሊትር ይወርዳል። እዚህ ውስጥ ጎልድፊሽ፣ ጋፒና ቤታ አንድ ላይ ታጉረው ይገኛሉ። ጎልድፊሽ ሲገዛ አውራ ጣት ያህላል፤ ተራው ዝርያ ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ቆሻሻውም የትየለሌ ነው። «በገንዳው ልክ ነው የሚያድግ» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ቤታም የጋፒዎቹን ጭራ ይነጫል። ስለዚህ ወይ አንድ ቤታ ብቻውን፣ ወይ ስድስት ወንድ ጋፒ። ሴቷ ጋፒ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ፣ ብቻዋን ብትገዟትም በየአራት ሳምንቱ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። ስድስቱንም ባንድ ቀን አታስገቡ። ሦስቱን አስቀድሙ፤ የቀሩትን ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ፣ የውሃ መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲያሳይ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር የዓሣ ብዛት ሰንጠረዥ ስምንት ዓሣ ቢፈቅድላችሁ እናንተ በስድስት እርጉ።

አሁን ዋናው፣ የፊልተር አጠባው። የአየር ፓምፕ አረፋ ሲሳሳ ስፖንጁ ተደፍኗል ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል፤ ገንዳውም እንደ አዲስ ይጀምራል። ከገንዳው አራት ሊትር ያህል ወደ ባልዲ ቅዱ፣ ስፖንጁን እዚያው አራት አምስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉና መልሱት። ቡናማ ሆኖ ይቅር፤ ነጭ እስኪሆን ማሸት ጉዳት ነው። ስፖንጅ መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ለአንድ ወር ጎን ለጎን አቆዩ። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩበት፣ ሙቀቱንም አመጣጥኑ፤ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) ደግሞ አስቀድማችሁ ከመብራት ንቀሉ።

መብራት ሲጠፋ ከውሃው በታች የተቀመጠ ፓምፕ በቱቦው ውሃ ስቦ ወለሉን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ፓምፑን ከገንዳው ከፍ አድርጉት፤ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አትስጡ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። መብራት ኖሮም ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አየር የሚልሱ ከሆነ፣ ምርመራ ሳትጠብቁ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፤ ምግብም ለሁለት ቀን ከልክሉ።

ባልዲውና የተደፈነው ስፖንጅ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አጨማመቁን ማየት የምትፈልጉ ቀረብ በሉ። እናመሰግናለን።