ባሕር ዳር ላይ አልጋ ስትፈልጉ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አልጋ ነው። በትንሽ ገንዘብ ባሕር ዳር ሄዶ ሁለት ሦስት ሌሊት ስለ ማደር።

ባሕር ዳር አልጋ ሞልቷል። ከጣና ዳር ትልልቅ ሆቴሎች እስከ ውስጥ ለውስጥ ፔንሲዮኖች ድረስ እንደየአቅማችን አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። ኪሱ ሳሳ ያለ እንግዳ ክፍሉን ሳያይ ይከፍላል። ቢያይም "አይ፣ ይቅርብኝ" ለማለት ያፍራል። ልጅቷ ቁልፍ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አብራው ወጥታ እንዴት ብሎ ይመልሳት? በቃ ይይዘዋል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል።

እባካችሁ እዩ። ማየት ነውር አይደለም። የምትከፍሉት ትንሽም ቢሆን የላባችሁ ዋጋ ነው።

እኔ ክፍል ስገባ መጀመሪያ አልጋውን አላይም። በቀጥታ ወደ ሻወሩ ነው የምሄደው። ቧንቧውን እከፍትና እጠብቃለሁ። አንዳንዱ መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ድፍርስ ውሃ ያመጣል፣ ከዚያ ይጠራል። ከጠራ ጥሩ ነው። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ከነጆጉ ከተቀመጠ ግን እዚያ ቤት ውሃ ይጠፋል ማለት ነው። ያኔ "ሮቶ አላችሁ? ማታስ ውሃ ይኖራል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ትራሱን አሸታለሁ። ልጅቷ ፊት አደርገዋለሁ፣ አልደብቅም። ንጹሕ ቤት ያላት ሰው በዚህ አትቀየምም።

ከዚያ መስኮቱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ትሞቃለች፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ። መስኮቱ ካልተከፈተ ሙቀቱ አያስተኛም፤ ከተከፈተ ትንኟ አታስተኛም። ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ አጎበር የሌለው ክፍል ምንም ቢያምር አልይዝም። በዚህ ድርድር የለኝም።

ድምፁንም አስቡበት። ቀን ጭር ያለ ሰፈር ማታ ሙዚቃው ሊደምቅ ይችላል። ታች ምን እንዳለ ጠይቁ። ጊዮርጊስ አካባቢ ያደረ ደግሞ ሌሊት በማኅሌትና በቅዳሴ ድምፅ ይነቃል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም። እንቅልፍ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ራቅ ቢል ይሻለዋል።

ሐይቁን የሚያይ መስኮት ያስከፍላል። ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ ግን በነጻ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ፈልጉ። አባይ ማዶ ተሻግራችሁ ርካሽ ብታገኙ እንኳ የቀን የባጃጅ ሂሳባችሁን ደምሩበት።

ከአዲስ አበባ መንገዱ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ደክሟችሁ ነው የምትደርሱት። መናኸሪያ ስትወርዱ "አልጋ ላሳይህ፣ አልጋ ላሳይሽ" የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል። እንጀራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ኮሚሽናቸው ዞሮ ዞሮ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። የደከመ ሰው ደግሞ አይመርጥም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ክፈሉ። በማግስቱ ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ፣ ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ እየዞራችሁ እዩ። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይሄ ከአልጋም ይቀድማል።

ለጥምቀት፣ ለጥር 11 የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞንም እንደዚያው ነው። ቤተሰብ ከየአገሩ ስለሚመጣ አልጋ ይጠባል።

አነስተኛ ፔንሲዮን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ግቢው ሰው ያገናኛል። ቡና ሲፈላ ክፍላችሁ አትቀመጡ፣ ወጣ በሉ። ወደ ጣና ገዳማት የሚወስድ ጀልባ ብዙ ጊዜ በሙሉ ነው የሚከራየው። ለብቻ ከሆነ ያማል፤ አምስት ስድስት ሆናችሁ ስትካፈሉት ግን ይቀላል። ሴቶች ካላችሁበት ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዘጌ ሂዱ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች እዩ። በጫካው ውስጥ በቡናው መሃል በእግር ነው የሚወጣው። በጠዋት ተነሱ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል። ዋጋውን ደግሞ መልስ ጉዞውን ጨምራችሁ፣ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።