ክፍል 47፦ «ደህና ነኝ» አልኩት

እሺ። እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ማሚ ፎቅ ላይ ተኝታለች፣ ስለዚህ ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ፍሪጁን ነቅዬዋለሁ። አዎ፣ ነቅዬዋለሁ፤ በፍሪጁ ድምፅ የተማረራችሁ ሁሉ ዛሬ ዕረፍት ነው።

የሠርጉን ወሬ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ትናንት ማታ ማሚ አንድ ነገር ተናገረችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እሱን ለማውራት ግን መጀመሪያ ወደ ኤግዛሙ፣ ከአሜሪካ ጦር ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴ ወደታየበት ምርመራ፣ መመለስ አለብኝ። ኤግዛሙን ሁለቴ ሦስቴ ነካ አድርጌ አልፌዋለሁ እንጂ ሙሉውን ነግሬያችሁ አላውቅም።

ክፍሉ ትንሽ ነው። የዲስአቢሊቲ ክሌም፣ ማለት በአገልግሎት ለደረሰ ጉዳት የካሳ ጥያቄ፣ ስታስገቡ ቪኤ፣ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለምርመራ ይልካችኋል፤ አብዛኛው ምርመራ አሁን በኮንትራት ስለሚሠራ የሄድኩት ተራ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ጎኑ ታክስ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አልጋው ላይ ያ የሚንኮሻኮሸው ነጭ ወረቀት ተነጥፏል። ሰውየው ገባ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ። እጁን ታጠበና «ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

እኔም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ግን ከውስጤ የወጣው በአማርኛ ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ሌላ ምን ይባላል? ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽም ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚባለው። ሰላምታውን ነው የመለስኩለት። እሱ ኪቦርዱን ቀጭ ቀጭ አደረገ። ሰላምታም ይጻፋል እንዴ ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ረሳሁት።

ቀጥሎ አስተኛኝ። ጎኒዮሜትር የሚሉት ነገር አለ፤ ሁለት ማስመሪያ በአንድ ብሎን ያያዙት የሚመስል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፣ መሀሉ ላይ ዲግሪ የተጻፈበት። እሱን ከጉልበቴ ጎን ያዘና፣ ቀስ ብለሽ እጠፊው፣ ማመም ሲጀምርሽ ንገሪኝ አለኝ። ማመም ሲጀምርሽ። በደንብ ሰምቻለሁ። ቋንቋው አልከበደኝም።

አጠፍኩት። የት ጋ እንደጀመረኝ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ገና ግማሹ ሳይደርስ፣ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር፣ የጋለ ሚስማር የገባ ያህል። እዚያ ጋ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ጣሪያው ላይ ውሃ ያፈሰሰበት ቡናማ ክብ ነበር፣ እሱን እያየሁ ቀጠልኩ። ተረከዜ መቀመጫዬ ጋ ደረሰ። «በጣም ጥሩ» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ደስ አለኝ። ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ አለኝ።

ሁልጊዜ የምመላለሰው እዚህች ቦታ ላይ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ፣ መኪና እየነዳሁ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳይቀር ያቺን «በጣም ጥሩ» እሰማታለሁ። ለምን ቀጠልኩ? ማን አስገደደኝ? ሰውየው ማመም ሲጀምርሽ ንገሪኝ ብሎኛል እኮ።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ ፍሬን መርገጥ አቃተኝ። ቀኝ እግሬ ነው። ሃያ ደቂቃ እዚያው ተቀመጥኩ። እሱ ይሄን አላየም፣ ያየው የተጠናቀቀውን 140 ዲግሪ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ጆሮዬ ውስጥ ለሚጮኸው ነገር 10 ፐርሰንት። ለጉልበቴ፣ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆኑ ታምኗል፣ ሬቲንጉ፣ የጉዳቱ መጠን በፐርሰንት፣ ግን 0። 0 ከመከልከል ይሻላል፣ በኋላ ከባሰ በሩ ክፍት ነው፤ ይሄን ለምትጠይቁኝ ልጆች ሁሌም እላለሁ። ግን ቁጥሩን ሳየው... እንጃ። የምርመራውን ወረቀት አስመጥቼ አነበብኩት። «ደህና እንደሆነች ተናግራለች» ይላል። ሲታጠፍ ሕመም አልተስተዋለም ይላል።

ሰውየው አልዋሸም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ቢዋሽ ኖሮ ይኼኔ የምናደድበት ሰው ነበረኝ። ያልኩትን ነው የጻፈው።

ደንቡ እኮ ጨካኝ አይደለም፣ ይሄንንም ልናገር። ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፤ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የሆነ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ቃል። ያ ማገናኛ መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን የለበትም፣ ግማሽ በግማሽ ከደረሰ ይበቃል፤ ሚዛኑ እኩል ከሆነ ለወታደሩ ነው የሚያደላው። ጉልበት በመታጠፉ ብቻ 10 ፐርሰንት ለማግኘት 45 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ ግን ሲንቀሳቀስ የሚያም መጋጠሚያ፣ ሕመሙ ከተመዘገበ፣ ቢያንስ ዝቅተኛውን ያሰጣል የሚል ደንብ አለ። ከተመዘገበ። እኔ አላስመዘገብኩም።

ያኔም አላስመዘገብኩም። በፈረንጆቹ 2012 አፍጋኒስታን፣ ባግራም ጦር ሰፈር እያለሁ፣ የምነዳውን ትልቅ የጦር መኪና ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። ከጋቢናው መውረጃው ቁመት የኔን ደረት ያህላል። ከነጥይት መከላከያው፣ ከነሙሉ ትጥቁ መዝለል ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ። አንድ ቀን ጠጠሩ ላይ አርፌ የሆነ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ሕክምና የሄድኩት በአራተኛው ቀን ነው፣ እሱም ሳጅኔ አይታኝ በግድ ልካኝ። 800 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ሰጡኝ፣ ውሃ ጠጪ አሉኝ፣ ተመለስኩ። ፋይሌ ላይ ያለው ያቺ አንዷ መስመር ናት። በዩኒታችን ከነበርነው ሴቶች መካከል ሕክምና የምትመላለስ ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በማቭኒ፣ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን ጦሩ በሚቀጥርበት ፕሮግራም፣ የገባ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ነበር፣ እሱ በየሳምንቱ ይሄድ ነበር፣ ሁሉንም ያጽፍ ነበር። እንስቅበት ነበር። ያ ልጅ ትክክል ነበር፤ ብትሰማኝ ይቅርታ፣ ወንድሜ።

በነገራችን ላይ ስለ ጭሱ የጠየቃችሁኝ፣ የጦር ሰፈሩ የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ፣ እሱ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ላይ ነው። እዚያ አካባቢ ላገለገለ ሰው በዝርዝሩ ያሉት በሽታዎች ከአገልግሎቱ እንደመጡ ይቆጠራሉ፣ ማገናኛውን እናንተ አታስረዱም። ክሌም ለማስገባት ካሰባችሁ ዛሬውኑ የማስገባት ሐሳብ እንዳላችሁ ብቻ አስመዝግቡ፣ ቀኑን ለአንድ ዓመት ይይዝላችኋል። ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ጋ ደግሞ አትሂዱ። የመጀመሪያ ክሌም ለማዘጋጀት ማስከፈል በሕግ አይፈቀድም፣ በነፃ የሚያግዙ የወታደር ማኅበራት አሉ። እሺ። ወዴት ነበርኩ?

ጋሼ። ወደ ጋሼ ልመጣ ነበር።

የማሚን ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው። እግሩ ምጽዋ ቀርቷል፣ በ1982 በኛ አቆጣጠር። በዓመቱ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሱ በክራንች ደብረ ብርሃን ገባ። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይቆማል፣ የሚያልፍ ሰው «እንዴት አደርክ ጋሼ» ሲለው ክራንቹን ብብቱ ሥር ትቶ እጁን ያነሳና ባርኔጣውን አውልቆ በአንድ እግሩ ጎንበስ ይላል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ልጅ ሆኜ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል እያልኩ ነበር የማየው። አንድም ቀን አልወደቀም።

ለሱ ጎኒዮሜትር ይዞ የመጣ ሰው የለም። እና እኔ ሁለት እግሬን ይዤ፣ በመኪና ሄጄ፣ አልጋ ላይ ተኝቼ አመመኝ ልበል? ያን ቀን ይሄን አሰብኩ ማለቴ አይደለም። ምንም አላሰብኩም። ግን ከዚያ ይሆን እንዴ የመጣው? ልክ ላይሆንም ይችላል። ምናልባት ዝም ብዬ እልኸኛ ነኝ። ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሱትን ልጆች ደግሞ ሳስብ... አይ፣ እሱን ዛሬ አልነካውም።

ገንዘቡ በ10 ፐርሰንት በፈረንጆቹ 2025 በወር 175 ዶላር አካባቢ ነበር። 30 ከደረሰ ለጥገኛም ይጨመራል፣ ማሚ በኔ ስለምትተዳደር እሷንም ማስቆጠር ይቻላል። ግን ለገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። ያ ወረቀት ላይ ደህና ነች የተባለችው ሴትዮ... እኔ አይደለችም። እንዲህ ተጽፋ መቅረቷን አልፈልግም።

እና ደብዳቤው ከመጣ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ካስገባሁ የመጀመሪያው ክሌሜ ቀን አይጠፋብኝም። እንደገና ይታይልኝ ብሎ ለሌላ ከፍተኛ ሰው ማቅረብ ይቻላል፣ ግን እዚያ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም፤ ለኔ የሚሆነኝ ሰፕሊመንታል ክሌም የሚሉት ነው፣ አዲስ ማስረጃ የሚያያዝበት። አዲሱ ማስረጃ ደግሞ አብሮኝ የሚኖር ሰው ያየውን የሚጽፍበት ፎርም ሊሆን ይችላል፣ 21-10210። አብሮኝ የሚኖረው ማነው? ማሚ ናት።

ትናንት ከራት በኋላ አስቀመጥኳት። ያየሽውን በአማርኛ ንገሪኝ፣ እኔ አስተረጉመዋለሁ፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ አልኳት። «ምን ብዬ?» አለችኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ፣ ምን ምን እንደማልችል አልኳት። በስመ አብ ብላ አማተበች። «በገዛ ልጄ ላይ አካሏ ተጎድቷል ብዬ ልፈርም? ክፉ ከአፌ አይውጣ! ልጄ ደህና ናት።»

ማሚ፣ ደህና አይደለሁም አልኳት።

ለማሚ እንዲህ ብያት አላውቅም። በሕይወቴ። እሷም ዝም አለች። ሲኒውን አንስታ ታጠበች፣ የታጠበውን ሲኒ እንደገና ታጠበች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለሥራ ስትወርጂ እሰማሻለሁ» አለችኝ። «ደረጃው አሥራ ሦስት ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ ታች ትደርሺ ነበር። አሁን እሱን ጨርሼ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጀምሬም አንቺ ገና ነሽ። አንዱን እግርሽን ታወርጃለሽ፣ ሌላውን ታመጪና እዚያው ታቆሚያለሽ። እንደ ሕፃን። በሩ እስኪዘጋ አልተኛም።»

ስድስት ዓመት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደተኛች አስቤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የምወርደው።

ይሄን ሊጽፍ የሚችል ሐኪም የለም። ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ነበር፣ እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ ዘወር ብላ አየችኝና «እንዳትጽፊው» አለችኝ። «ላንቺ ነው የነገርኩሽ።»

እና ወረቀቱ ይኸው ማይኩ ሥር ነው። ስሟ ብቻ ተጽፎበታል። ሃያ ስድስት ቀን አለኝ። ለናንተ ደግሞ ይኸው ነገርኳችሁ፣ እሱንም ሳልጠይቃት። ይሄን ክፍል ልልቀቀው አልልቀቀው... ነገ ልጠይቃት ይሆናል። ወይ ደግሞ...

ቆይ። የላይኛው መብራት በርቷል።

ነቅታለች። ፍሪጁን ልሰካና ልውጣ። አሥራ ሦስት... እየሰማችኝ ነው እኮ አሁን። ቆይ፣ ላጥፋው።